ተሸካሚዎቹን መቁጠር

የኮሌስትሮል ምርመራ የታዘዘለት ሰው ከላቦራቶሪ ይዞት የሚወጣው ወረቀት አራት ዋና መስመሮች አሉት፤ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤች ዲ ኤል፣ ትራይግሊሰራይድ፣ ኤል ዲ ኤል። የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው የመጀመሪያው ላይ ነው። ከ200 በታች ከሆነ ወረቀቱ ታጥፎ ኪስ ይገባል፤ ካለፈ ጮማና እንቁላል ይቀራል፣ ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውኃ ይጀመራል። የሕክምናው ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከርበት የኖረው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ኮሌስትሮሉን ተሸክመው በደም ውስጥ የሚዞሩት ቅንጣቶች ስንት ናቸው? ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋርስ ስንት ዓመት ሲተሻሹ ኖረዋል? የልብና የአንጎል ደም ሥር ለምን እንደሚጠብ ለሚጠይቅ ሰው ከእነዚህ ሁለቱ የሚቀድም ጥያቄ የለም ብዬ አምናለሁ። ማስረጃውን በየተራ ላቅርብ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ኮሌስትሮል ራሱ መርዝ አይደለም። የሕዋስ ሽፋን ያለ እሱ አይቆምም፤ ሐሞት፣ ቫይታሚን ዲ፣ የወንድም የሴትም ሆርሞኖች የሚሠሩት ከእሱ ነው። አብዛኛውን ደግሞ የሚያመርተው ሰውነታችን ነው። ይሁን እንጂ ቅባት በመሆኑ በደም ውስጥ ሟሙቶ መጓዝ አይችልም። ስለዚህ ጉበት ትራይግሊሰራይድንና ኮሌስትሮልን አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ ዙሪያውን አፖ ቢ በሚባል ፕሮቲን አስሮ ወደ ደም ይለቀዋል። እያንዳንዱ ቅንጣት የሚታሰረው በአንድ አፖ ቢ ብቻ ነው፤ ቅንጣቱ ቢወፍርም ቢከሳም ማሰሪያው አንድ ነው። እንግዲህ በደም ያለውን አፖ ቢ የለካ ሰው ቅንጣቶቹን ቆጠረ ማለት ነው። ከጉበት የሚወጣው ትልቁ ቅንጣት ቪ ኤል ዲ ኤል ይባላል። በጉዞው ላይ ትራይግሊሰራይዱን ለጡንቻና ለስብ ሕዋሳት እያራገፈ ያንሳል፤ በመጨረሻ በኮሌስትሮል የተሞላው ኤል ዲ ኤል ይቀራል። ቪ ኤል ዲ ኤል በሰዓታት ውስጥ ከደም ሲጠፋ ኤል ዲ ኤል ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ለዚህም ነው በቁጥር ሌሎቹን የሚበልጠው።

ይህን ሁሉ ማወቅ ጊዜ ወስዷል። በ1910 ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቪንዳውስ የታመመ ዋና ደም ቅዳ መርምሮ ከጤነኛው እጅግ የበለጠ ኮሌስትሮል አገኘበት። ከሦስት ዓመት በኋላ በሴንት ፒተርስበርግ ኒኮላይ አኒችኮቭና ሴምዮን ኻላቶቭ ንጹሕ ኮሌስትሮል በሱፍ አበባ ዘይት አሟሙተው ለጥንቸሎች ሰጡ። የጥንቸሎቹ ደም ሥር በሰው ላይ የሚታየውን የመሰለ ቢጫ የስብ ክምችት ያዘ፤ ዘይቱን ብቻ የተመገቡት ግን ምንም አልሆኑም። ግኝቱ ትልቅ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ሌሎች ሙከራውን በአይጥና በውሻ ሲደግሙት አልሠራላቸውም፤ ስለዚህ ጥንቸል ቅጠል በል እንስሳ ነች፣ ለሰው ማስረጃ አትሆንም ተባለ። ምክንያቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው። አይጥና ውሻ ኮሌስትሮላቸውን በብዛት የሚሸከሙት በኤች ዲ ኤል ነው፤ የፈለገውን ያህል ቢመገቡ ኤል ዲ ኤላቸው በቀላሉ አይጨምርም። በአኒችኮቭ ሙከራና በተቺዎቹ ሙከራ መካከል የነበረው ልዩነት እንግዲህ የተሸካሚው ልዩነት ነበር።

ተሸካሚዎቹን ለይቶ ያያቸው ጆን ጎፍማን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአቶሚክ ቦምቡ ሥራ ፕሉቶኒየም ሲያጣራ የቆየው ይህ ሳይንቲስት በካሊፎርኒያ በርክሊ በሚገኘው ዶነር ላቦራቶሪ የሰው ደም ፈሳሽ በከፍተኛ ፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ እየጨመረ፣ ቅባት ያዘሉት ቅንጣቶች በየክብደታቸው ተለይተው ሲንሳፈፉ አየ። በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች ፈጽሞ የተለያየ የቅንጣት ዓይነት ሊኖራቸው እንደሚችልና የልብ ሕመም በያዛቸው ሰዎች ላይ አንዳንዶቹ ዓይነቶች በብዛት እንደሚገኙ አሳየ። ሐሳቡን ለመፈተሽ አራት ላቦራቶሪዎች ተባብረው ያደረጉት ጥናት ግን በ1956 በጭቅጭቅ ተቋጨ፤ ሦስቱ፣ ርካሹ የጠቅላላ ኮሌስትሮል ምርመራ ከውዱ የጎፍማን መሣሪያ የማይተናነስ መረጃ ይሰጣል አሉ። ከዚያ ወዲህ የቀለለው መለኪያ አሸነፈ። በ1948 በማሳቹሴትስ ፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ሰዎችን ይዞ የተጀመረው ታላቅ ጥናትም በ1961 የኮሌስትሮልን ስም ከደም ግፊት ጋር አንድ ላይ ሲያነሣ የተጠቀመው ጠቅላላውን ቁጥር ነበር። በግድ የተጠጋጋ መለኪያ ለሕዝብ ብዙ ጠቅሟል፤ ለግለሰብ ግን ብዙ ጊዜ ይዋሻል።

ኤል ዲ ኤልና የልብ ሕመም ምክንያትና ውጤት መሆናቸውን ከጥርጣሬ ያወጣው የዘር ውርስ ነው። ኖርዌያዊው ካርል ሙለር በ1930ዎቹ መጨረሻ በአንዳንድ ቤተሰቦች ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ በጅማት ላይ የሚወጣ የቅባት እብጠትና በወጣትነት የሚመጣ የልብ ሕመም አብረው እንደሚወረሱ አስተዋለ። በ1973 በዳላስ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የእነዚህን ታማሚዎች የቆዳ ሕዋስ ከጤነኛ ሰው ሕዋስ ጋር አስተያዩና ምስጢሩ ላይ ደረሱ። ጤነኛ ሕዋስ ገጹ ላይ ኤል ዲ ኤልን የሚይዝ ተቀባይ አለው፤ ቅንጣቱን ይዞ ወደ ውስጥ ይውጠዋል። የታማሚዎቹ ሕዋስ ተቀባዩ ጎድሎታል ወይም ከነአካቴው የለውም። ከደም የሚያነሣው የጠፋ ቅንጣት ደግሞ እየዞረ ይከማቻል። ሁለቱ ሰዎች በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ይህን ግኝት ከማንኛውም ሠንጠረዥ በላይ የሚያስረዳኝ በ1984 በፒትስበርግ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ነው። ከቴክሳስ የመጣች የ6 ዓመት ሕፃን ከእናቷም ከአባቷም ጉድለቱን ወርሳ ኤል ዲ ኤሏ ወደ 1,000 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ተጠግቶ ነበር፤ በዚያ ዕድሜዋ ልቧ ተጎድቷል። የቶማስ ስታርዝል ቡድን ልብና ጉበት በአንድ ቀን ተካላት። ልቡን መቀየር ግልጽ ነው፤ ጉበቱ ለምን? ጉበት የእነዚህ ተቀባዮች ዋና ቤት ስለሆነ ነው። አዲሱ ጉበት ሥራ ሲጀምር የሕፃኗ ኤል ዲ ኤል በ80 በመቶ ገደማ ወረደ። አመጋገቧ አልነበረም የተለወጠው፤ ቅንጣቱን ከደም የሚያነሣው ክፍል ነው የተተካው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንግባ። ኤል ዲ ኤል ውፍረቱ 20 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ ሃምሳ ሺህ ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላሉ። ከ70 ናኖ ሜትር ያነሰ ቅንጣት የደም ሥሩን የውስጥ ሽፋን ዘልቆ ሊገባ ይችላል፤ ኤል ዲ ኤልም የቪ ኤል ዲ ኤል ቅሪቶችም ከዚህ ልክ በታች ናቸው። መግባቱ ብቻ አይጎዳም፤ ብዙዎቹ ተመልሰው ይወጣሉ። ጉዳቱ የሚጀምረው ተይዘው ሲቀሩ ነው። ከሽፋኑ ሥር ፕሮቲዮግላይካን የሚባሉ፣ ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች አሉ፤ አፖ ቢ ደግሞ ፖዘቲቭ ሙል ያለው ክፍል አለው። ሁለቱ ይያያዛሉ። ኬቪን ዊሊያምስና አይራ ታባስ በ1995 የሕመሙ መነሻ ይህ ተይዞ መቅረት ነው ብለው ጻፉ። በ2002 የጎተንበርግ ተመራማሪዎች አፖ ቢው በሞለኪውሉ እንዳይያዝ አድርገው ያራቧቸው አይጦች፣ የደማቸው ኮሌስትሮል ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ደም ሥራቸው በጣም ዘግይቶና አንሶ ታመመ። ይህ ሙከራ ተራ አይደለም። በደም ውስጥ ያለው መጠን እንዳለ ሆኖ መጣበቁ ብቻ ሲከለከል ሕመሙ ይቀንሳል ማለት ነው።

የተያዘው ቅንጣት እየተበላሸና ኦክሲጅን እየነካው ይለወጣል። ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ያየዋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ገብተው ማክሮፌጅ ይሆኑና ይውጡታል። ማክሮፌጁ የሚውጥበት ተቀባይ ብራውንና ጎልድስታይን ካገኙት የተለየ ነው፤ ጠግቤያለሁ አይልም። ስለዚህ በስብ ተሞልቶ አረፋ መስሎ ያብጣል፤ ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ፤ የሞቱት ሬሳና ስብ ለስላሳ እምብርት ይሆናል። ለስላሳ የጡንቻ ሕዋሳት ከታች ወጥተው በላዩ ላይ የቃጫ ክዳን ይሠራሉ። ክዳኑ ወፍራም ከሆነ ሰውየው ሳያውቀው ዓመታት ይኖራል፤ ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ቢያመው ነው። ቀጭን ከሆነና ከተቀደደ ግን ደም ከእምብርቱ ጋር ይገናኝና ወዲያው ይረጋል። ሃርት አታክ የምንለው በአብዛኛው፣ ከስትሮክም ከፊሉ፣ እዚህ ጋ ነው የሚፈጠረው። ክምችቱ የሚበረታው ደም ሥሩ በሚገነጠልባቸውና የደሙ ፍሰት በሚታወክባቸው ቦታዎች ነው፤ የአንገት ደም ቅዳ የሚከፈልበት ቦታ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል? በ1953 የታተመ አንድ ጥናት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮችን ልብ መረመረ። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነበር፤ ከአራቱ በሦስቱ ደም ሥር ላይ ሕመሙ በሆነ ደረጃ ታየ። ለጦርነት የበቁ ጎበዞች ናቸው። ስለዚህ በሃምሳ ዓመት የሚመጣውን ድንገተኛ ሕመም የሃምሳ ዓመት ጉዳይ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ግድብ ውስጥ እንደሚገባ ደለል ነው፤ በየክረምቱ ጥቂት ይገባል፣ ውኃው ላይ ምንም አይታይም፣ ግድቡ ግን ይሞላል። በአንጻሩ በቦሊቪያ ደን የሚኖሩት ቲማኔዎች ኤል ዲ ኤላቸው በአማካይ 90 ገደማ ነው፤ በ2017 በታተመው የ705 ጎልማሶች ጥናት 85 በመቶው በልባቸው ደም ሥር ምንም የካልሲየም ክምችት አልተገኘባቸውም። ይህም የሆነው በጥገኛ ትላትልና በኢንፌክሽን ሳቢያ ሰውነታቸው ከፍተኛ ብግነት እያለበት ነው።

የጊዜን ጉልበት በቁጥር ያሳየን ግን ከአፍሪካ የተወረሰ ዘር ነው። ፒ ሲ ኤስ ኬ 9 የሚባለው ፕሮቲን የኤል ዲ ኤል ተቀባዮችን ወደ መፍረስ የሚነዳ ነው፤ በ2003 በፈረንሳይ ቤተሰቦች ላይ ሲገኝ ከመጠን በላይ የሚሠራ ነበር። ዳላስ ውስጥ ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ተቃራኒውን ፈለጉ፤ ይህ ፕሮቲን የተሰበረባቸው ሰዎች። በአፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ ከ100 ሰው በ2 ወይም በ3 ላይ አገኙት። በ2006 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህ ሰዎች ኤል ዲ ኤል ከሌሎቹ በ28 በመቶ ብቻ ያነሰ ነበር፤ የልብ ደም ሥር ሕመማቸው ግን በ88 በመቶ አነሰ። ብዙዎቹ የደም ግፊት ነበራቸው፣ ያጨሱም ነበር። በሐራሬም ከሁለቱም ወላጆቿ ጉድለቱን የወረሰች፣ ኤል ዲ ኤሏ 16 የሆነ ጤነኛ ወጣት ሴት ተገኝታለች። እስኪ እንመዝነው፤ በሙከራዎች ሁሉ ስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒት ኤል ዲ ኤልን በ39 ሚሊ ግራም ገደማ ዝቅ ሲያደርግ አደጋውን በ22 በመቶ ይቀንሳል። የተፈጥሮው ልዩነት ከዚህ ብዙም አይበልጥም፤ ጥቅሙ ግን አራት እጥፍ ነው። ልዩነቱ የሚገኘው በዓመታቱ ነው። ክኒኑ የሠራው አምስት ዓመት ነው፤ ዘሩ የሠራው ከእናት ማኅፀን ጀምሮ ነው።

ስታቲን ራሱ የተገኘበት መንገድ ሊዘለል የማይገባ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ኮሌስትሮል የሚሠራውን ኤንዛይም የሚገታ ነገር ፍለጋ ከ6,000 በላይ ሻጋታዎች ፈተነ፤ በ1973 ያገኘው ከኪዮቶ የእህል ሱቅ ሩዝ ላይ ከተወሰደ ሻጋታ ነው። መድኃኒቱ በአይጥ ላይ ሲሞከር ግን አልሠራም፤ ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ነበር። አይጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይንሱን ልታዘገየው ነበር ማለት ነው። ኤንዶ በእንቁላል ጣይ ዶሮዎች ላይ ሞከረው፤ ኮሌስትሮላቸው በግማሽ ገደማ ወረደ። የመጀመሪያው ለሽያጭ የተፈቀደ ስታቲን በ1987 ወጣ። በ1994 ደግሞ በስካንዲኔቪያ 4,444 የልብ ታማሚዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ሲምቫስታቲን ሞትን በ30 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በቁም ነገር ደረጃ አብቅቷል ብዬ እቆጥራለሁ። ስታቲን፣ ኢዜቲማይብ የሚባለው ክኒን፣ ፒ ሲ ኤስ ኬ 9ን የሚገቱት መርፌዎች፣ እያንዳንዱ በሌላ መንገድ ይሠራል፤ ሁሉም የሚያመሳስላቸው ግን በጉበት በኩል የቅንጣቱን ቁጥር መቀነሳቸው ነው። ከእነዚህ መርፌዎች በአንዱ በ27,564 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2017 የታተመው ሙከራ ኤል ዲ ኤልን ከ92 ወደ 30 አውርዶም ጥቅሙ አልቆመም።

ጡንቻ ያመኛል ብለው ስታቲን የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ሕመሙ ሳይሰማቸው አስመስለው ነው ማለት ጭካኔ ነው፤ ሆኖም በ2020 በታተመ የእንግሊዝ ሙከራ እነዚሁ ሰዎች ሳያውቁት አንድ ወር ስታቲን፣ አንድ ወር ባዶ ክኒን እየተቀያየረ ሲሰጣቸው ከሕመማቸው 90 በመቶው በባዶው ክኒንም ታየ። ስለዚህ ክኒኑን ከመጣል በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር፣ መጠኑን ወይም ዓይነቱን መቀየር ይሻላል።

ስለ ኤች ዲ ኤል ብዙ ተብሏል፤ ጥሩው ኮሌስትሮል በዛ ማለት ልብ ተጠበቀ ማለት ነው የሚለው እምነት ግን በሙከራ ወድቋል። በ2006 ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት ኤች ዲ ኤልን በ72 በመቶ ከፍ አደረገ፤ የሚሞቱትም በዙና ሙከራው ተቋረጠ። ናያሲንም ኤች ዲ ኤልን ከፍ ያደርጋል፤ በ2011 እና በ2014 በወጡት ትልልቅ ሙከራዎች ግን ጥቅም አላሳየም። በዘር ኤች ዲ ኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎችም ከልብ ሕመም እንዳልተረፉ በ2012 ታውቋል። ዝቅ ያለ ኤች ዲ ኤል ብዙውን ጊዜ የሌላ ነገር ምልክት ነው፤ የትራይግሊሰራይድ መብዛት፣ የቦርጭ፣ የስኳር። ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ትርጉም አለው። በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ቅኝት ከፍ ያለ ጠቅላላ ኮሌስትሮል የተገኘበት ጎልማሳ 5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከሦስት ሰው ሁለቱ ገደማ ግን ኤች ዲ ኤሉ ዝቅተኛ ነው።

እንግዲህ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው ሰው ጠቅላላው 190፣ ኤች ዲ ኤሉ 60፣ ትራይግሊሰራይዱ 100 ነው። ሁለተኛው ጠቅላላው 190፣ ኤች ዲ ኤሉ 32፣ ትራይግሊሰራይዱ 240። በብዙ ላቦራቶሪዎች ኤል ዲ ኤል በቀጥታ አይለካም፤ በ1972 በወጣው የፍሪድዋልድ ቀመር ይሰላል። ከጠቅላላው ላይ ኤች ዲ ኤልና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። ለመጀመሪያው 190 ሲቀነስ 60 ሲቀነስ 20፣ ውጤቱ 110። ለሁለተኛው 190 ሲቀነስ 32 ሲቀነስ 48፣ እሱም 110። ሁለቱም በመጀመሪያውና በመጨረሻው መስመር እኩል ናቸው። ከጠቅላላው ላይ ኤች ዲ ኤሉን ብቻ ብንቀንስ ግን የመጀመሪያው 130፣ ሁለተኛው 158 ይሆናል። ይህ ቁጥር በአፖ ቢ የታሰሩት ቅንጣቶች ሁሉ የተሸከሙት ኮሌስትሮል ነው። የሁለተኛው ሰው ኤል ዲ ኤል ብዙውን ጊዜ ትንንሽ ሆኖ እያንዳንዱ የሚይዘው ኮሌስትሮል ያነሰ ነው፤ ያንኑ 110 ለመሙላት ብዙ ቅንጣት ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ የቪ ኤል ዲ ኤል ቅሪቶች አሉ። አፖ ቢ የሚለካ ላቦራቶሪ ካለ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ከሌለም ይህ አንድ ቅነሳ ምንም አያስከፍልም፤ ሐኪም ቤት ውስጥ በየቀኑ ሲዘነጋ ማየት ያሳዝናል።

ቁጥሩ ብቻውን ሁሉን አይገልጽም። ካንቶስ የተባለው ሙከራ በ2017 በ10,061 ሰዎች ላይ፣ ኤል ዲ ኤልን ጨርሶ ሳይነካ ብግነትን ብቻ በመግታት አደጋውን በ15 በመቶ ቀንሷል። ማጨስ፣ የደም ግፊትና ስኳር ግድግዳውን ያስከፋሉ። ሊፖፕሮቲን ኤ ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነው። ኖርዌያዊው ኮሬ ቤርግ በ1963 ያገኘው ይህ ቅንጣት ኤል ዲ ኤል ላይ ሌላ ፕሮቲን የተቀጠለበት ነው፤ መጠኑ ከሞላ ጎደል በውርስ ይወሰናል፣ በአመጋገብ አይለወጥም፣ በአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ዘንድ በአማካይ ከፍ ይላል። በዕድሜ ውስጥ አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል። ብግነትን ብቻውን ተጠያቂ የሚያደርጉ ግን የቲማኔዎቹን ደም ሥር ማስረዳት አይችሉም፤ ብግነቱ እያለ ቅንጣቱ ሲያንስ ሕመሙ የለም።

ከምግብ አንጻር የቅባት ዓይነት ከእንቁላሉ አስኳል ይበልጥ ይመዝናል። ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት በጉበት ላይ ያሉትን ተቀባዮች ቁጥር ይቀንሳል፤ ቅቤ፣ ጮማና ፓልም ዘይት በዚህ የበለጸጉ ናቸው። ጠዋት በብርድ ጀሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋው ዘይት ግማሽ ገደማው ይኸው ቅባት ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው፣ ኤል ዲ ኤልን ዝቅ የሚያደርገው ቅባት ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስ ጾመኞች በቀርጤስ ሲጠኑ በጾሙ ወቅት ኤል ዲ ኤላቸው ወርዶ፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ተመልሶ ወጥቷል። የእኛም ጾም ይህን ጸጋ የያዘ ነው፤ የጾሙ ወጥና ሳምቡሳ በሚረጋ ዘይት ሲጥለቀለቅ ግን ጸጋው ይሸረሸራል።

ቡናችንም ይነሣ። ካፌስቶል የሚባል ዘይታማ ነገር በተፈላ ቡና ውስጥ ይቀራል፣ በወረቀት ማጣሪያ ግን ይያዛል። በ1989 በታተመ የኔዘርላንድስ ሙከራ በቀን ከአራት እስከ ስድስት ኩባያ የተፈላ ቡና የጠጡ ሰዎች ኤል ዲ ኤል በ15 ሚሊ ግራም ገደማ ከፍ አለ፤ ያንኑ ቡና አጣርተው የጠጡት ላይ አልታየም። ጀበና በሲኒው ትንሽነት ቢለይም ወገኑ ከተፈላው ነው። ቡና መተው አያስፈልግም፤ ኤል ዲ ኤሉ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከፍ ያለበት ሰው ግን በቀን ስንት ሲኒ እንደሚጠጣ መጠየቅ አለበት።

ፊንላንድ ይህንን በሕዝብ ደረጃ አይታዋለች። ሰሜን ካሬሊያ በ1960ዎቹ ወንዶቿ በልብ ሕመም በዓለም ከፍተኛ ቁጥር የሚረግፉባት ነበረች፤ ዳቦው ላይ ወፍራም ቅቤ፣ ሙሉ ቅባት ያለው ወተት፣ የተፈላ ቡና። በ1972 ወጣቱ ሐኪም ፔካ ፑስካ የመራው ፕሮጀክት ገበሬዎችን፣ የወተት ፋብሪካዎችን፣ የቤት እመቤቶችን ማኅበራት ይዞ ተነሣ። ቅቤው በአትክልት ዘይት፣ ቡናው በተጣራ ቡና እየተተካ ሄደ፤ ማጨስም ቀነሰ። በአርባ ዓመት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶች የልብ ደም ሥር ሞት ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ከእኛ ወገን ደግሞ መንገዱን በተቃራኒው የሄዱ አሉ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን እስራኤል ሲገቡ ቀጭን ነበሩ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ስኳር በመካከላቸው በፍጥነት ተስፋፋ። ስኳር ባለበት ትራይግሊሰራይድ ይጨምራል፣ ኤል ዲ ኤልም ትንንሽና ብዙ ይሆናል። አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ዱባይም ያለው ሰው በዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ጠቅላላው ቁጥር ግን ለረዥም ጊዜ ላያሳብቅ ይችላል።

በውርስ የሚመጣው ከፍተኛ ኮሌስትሮል በብዙ አገሮች ከ250 ሰው አንዱን ይይዛል። ምጣኔው እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ከሆነ አራት መቶ ሺህ የሚሻገር ሰው ይኖራል ማለት ነው፤ ከእነሱ አብዛኛው ስሙን እንኳ አልሰማም። ሳይታከም ከቀረ ከወንዶቹ ግማሹ 50 ዓመት ሳይሞላቸው የልብ ሕመም ይገጥማቸዋል። ኤል ዲ ኤሉ ከ190 በላይ የሆነ ጎልማሳ፣ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማቱ የወፈረ፣ 45 ዓመት ሳይሞላው በዓይኑ ብሌን ዙሪያ ነጭ ቀለበት የወጣበት ሰው ሊጠረጠር ይገባል። ስሎቬኒያ ከ1995 ጀምሮ ሕፃናትን በአምስት ዓመት ዕድሜያቸው ትመረምራለች። ያን ያህል አቅም ባይኖረንም ወጪው ትንሽ የሆነ ሌላ መንገድ አለ። አባት ወይም ወንድም 55 ዓመት ሳይሞላው፣ እናት ወይም እኅት 65 ሳይሞላት ሃርት አታክ ከያዛት፣ የቀሩት ወንድም እኅቶችና ልጆች ሁሉ ይመርመሩ። ጂኑ ያለበት አንድ ሰው ከተገኘ እያንዳንዱ ልጁና እያንዳንዱ ወንድም እኅቱ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ በአሥር ዓመቱ የተገኘ ልጅ ደግሞ አባቱ ያላገኘውን አርባ ዓመት በእጁ ይይዛል።